ሙዝ ያላሳለፋቸው ሁለት ሬዲዮዎች

ለተከበሩ አቶ ተክለወልድ፣
የለምለም ማሳ ፍሬ አምራቾች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
ጫኖ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይ ወገብዎን፤ ያን የሚያህል ጥፋት ከራስዎ አንስተው እኔ ላይ ሲጭኑ እንዳይቀጭ ሰግቼ ነበር።

እንደሚያስታውሱት፣ የተመዘነው ፍሬ ልክ ወዲያው ቢሮ ደርሶ ለገበሬው ደረሰኝ እንዲቆረጥለት፣ ቢሮውን ከሙዙ ማሳ ማዶ ካለው የሚዛን ቤት ጋር በሽቦ አልባ ሬዲዮ እንዳገናኝ የቀጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሥራው በባለሙያዋ ብቃት ማነስ ከሽፏል የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈው ያባረሩኝም እርስዎ ነዎት። ማስታወቂያውን አባቴ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋር ቆመው አንብበውታል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ስለ ምርጫዎ። እኔ ለደጅ የተሠራ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥር ጥንድ ሬዲዮ ስጠይቅ፣ እርስዎ አንቴናው ብዙ ነው ብለው ለሳሎን የተሠራውን ገዙ። በሬ እንኳ በቀንዱ ብዛት አይገዛም።

፪. ስለ ፍተሻዎ። ኮሚቴውን ሰብስበው ሁለቱን ሬዲዮዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሞከሩ፤ ሠሩ፤ ተጨበጨበ፤ የመዝጊያ ጸሎትም ተደረገ። ከሚዛን ቤቱ ሆነን እንሞክር ብዬ የለመንኩት ከአሜን በኋላ ስለነበር ሰሚ አላገኘሁም።

፫. ስለ ሙዙ። ሙዙ ተቆርጦ ማሳው ገላጣ በነበረበት ሰሞን፣ ማዶው ወለል ብሎ እየታየ ሬዲዮ መስቀያ ምሰሶ ምን ይሠራል ብለው ከለከሉኝ። ሙዝ መልሶ እንደሚያድግ ለጫኖ ሰው ማስረዳት ነውር መስሎኝ ብዙም አልተከራከርኩም። አደገ፤ እርጥብ ቅጠሉም ሞገዱን ዋጠው። ገበሬው ደረሰኝ ሲጠብቅ ፍሬው ፀሐይ ላይ ጠቆረ፤ ጥፋተኛዋም እኔ ሆንኩ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ንዴቴ ስለቀደመኝ ትቼዋለሁ። ያን ወረቀት በገዛ እጅዎ ቀደው እውነቱን እስኪለጥፉ ድረስ ይቅር አልልዎትም፤ ይህ ደብዳቤም በየገበያው ይነበባል።

ስሜን ስላነሱልኝ ስምዎን ሳነሳ የምኖር፣ ብድር መላሽ አክባሪዎ፣
ብሩክታዊት ሲላስ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ የጎረቤቱ ማኅበር ቀጥሮኛል። ሬዲዮዎቻችን ከሙዙ በላይ ምሰሶ ላይ ሆነው ይተያያሉ፤ ገበሬውም እንደመዘነ ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል። ትናንት ታላቅ ወንድምዎ ጋሽ ኦይታ ሙዛቸውን በጋሪ አስጭነው እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። ለእርስዎ ሹክ እንዳልል አደራ ብለውኛል። አደራ አልበላም፤ ሹክ አላልኩም።