ኤርሲኖን ያሳሰረው ምስክርነት

ሆሳዕና፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ቁጣዬ ገና አልበረደም። የአሥራ ስድስት ዓመቷ አልማዝ፣ የከተማው ሹም ልጅ፣ ገበያ እንደ ወጣች አልተመለሰችም። ሸክላ ሠሪው ኤርሲኖ «ጠልፎ ሸሽጓታል» ተብሎ ታስሯል። ምስክሩ ነጋዴው ወልዴ ነው፤ ሻርፗን ከኤርሲኖ ጎጆ ውስጥ፣ ከመኝታው ላይ በዓይኔ አየሁ ብሏል። በዚህ ከተማ ሰው ከሸክላ ሠሪ እንስራ ይገዛል፤ ቤቱ ግን አይገባም። ይህን ነውር የሚጠብቁትም አንድ ጾም የማይገድፉ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ወልዴ ከአሥር አለቃው ጋር ተቀምጦ ይሥቃል።

«ወልዴ፣ እነ ኤርሲኖ ቤት ምን ቀምሰህ ወጣህ?» አልሁት።

ዘሎ ተነሣ። «የኔታ፣ ምን ነካዎት! እኔ ሸክላ ሠሪ ቤት ልገባ? በማርያም፣ ደጃቸውንም ረግጬ አላውቅ!»

«ታዲያ መስኮት በሌለው ጎጆ መኝታውን በየት በኩል አየኸው?»

አሥር አለቃው ሣቁን ዋጠ።

ኤርሲኖ ማምሻውን ተፈታ። እጄን ሊስም ጎንበስ ቢል ከለከልሁት።

«ልጅቷስ ተገኘች፣ የኔታ?» አለኝ።

እርሱ ከታሰረ ወዲህ ስለ እርሷ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው እርሱ ብቻ ነው።