የረሳችው ጃንጥላ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለብርዮኒ፤

የአውስትራሊያ ፀሐይ እንደ ቲማቲም አቀላሽ ወይስ ገና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንድ አቤቱታ ብቻ አለኝ። ግሪምስቢ ከተማ ውስጥ ዳቦውን በማንኪያ ቅቤ የሚቀባ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ጠንካራውን አይብም የምቆርጠው በክር ነው። ቢላዎቹን በሙሉ መኪናዬ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ፤ የሽማግሌ አመል በይው።

ለወንድምሽ ለዳረል የአእምሮ ሕመም ድጎማ ጠይቀን ስለነበር፣ ዛሬ ከመንግሥት አንዲት ሴትዮ ይገባው እንደሆነ ልታይ መጣች። ጉደኛው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻይ አፍልቶ ጠበቃት!

«እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ፤ አማርሬ አላውቅም።»

«እንቅልፍስ?»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ብረግጠው፣ «አጎቴ እኮ መደነስ ይወዳል» ብሎ አሳቀብኝ። አፌን ስከፍት ደግሞ ሴትዮዋ «እሱን ነው የምጠይቀው» አለችኝና ያላትን ጽፋ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ ግንባሩን ከወጥ ቤቱ በር ጋር ያላትም ጀመር፤ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ። ከኋላው ባቅፈው ክርኑ ጥርሴን አወለቀው። ግድ የለም፣ ድሮም የሚያመኝ ጥርስ ነበር። አሁን ዳረል ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ በግራ እጄ ሹራቡን ይዤ በቀኜ እጽፍልሻለሁ። ከዚያ እዚህ ለመምጣት ስንት ቀን ይፈጃል? እንዲያው ለማወቅ ነው።

ቆይ፣ ደወል ተደወለ። በመስኮት ሳይ ሴትዮዋ ናት፤ ለካ ጃንጥላዋን ረስታለች።

«አጎቴ፣ መጀመሪያ ደሙን ጥረገው» ይለኛል።

ሳልጠርግ ልከፍትላት ነው። ደህና ሁኚልኝ።

አጎትሽ ኖርማን