የታሂር ልጅ የሠራችው ዓረፍተ ነገር

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ልጆቹስ? የወገብህ ነገር ለቀቅ አደረገህ ወይስ አሁንም ዕቃ እያነሳህ ታባብሰዋለህ? እኛ ደህና ነን ብዬ ባልፈው ውሸት ይሆንብኛል። ጤናስ ጤና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የቆቦን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ባለፈው ከዘጋህብኝ ወዲህ ስልኬን ስለማታነሳ ይህን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ሳታነበው እንዳትጥለው፣ በአላህ ይዤሃለሁ።

የታሂር ነገር ነው። ስሙን ስታይ ፊትህ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ታገሠኝ። አባባን ከገጨበት ቀን ጀምሮ ባጃጇ ላስቲክ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ነክቷትም አያውቅ። ሕጉ የራሱን ጨርሷል። የቀረው የኛው ነው። ደሙ በእርቅ እስኪደርቅ ድረስ የሱ ወገኖች ከኛ ጋር ፊት ለፊት መተያየት የለባቸውምና ሚስቱ ገበያ አትወጣም፣ ደቦ የሚጠራቸው የለም፣ እኔ በዚህ ስመጣ እነሱ በዚያ ይሸሻሉ። በቀደም ውሃ ቀድታ ስትመለስ አገኘኋት፤ ገና ከሩቅ ስታየኝ ጀሪካኗን ጥላ ከቁልቋሉ ጀርባ ተደበቀች። እኔ ነኝ እንግዲህ ሰው የሚሸሸኝ! ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሸህ አብዱሰመድ ሽማግሌዎቹን ይዘው ለሐሙስ ቀጥረዋል። የሟች የበኩር ልጅ በአካል ተቀምጦ አፉ ብያለሁ ካላለ ግን እርቁ አይጸናም፤ የኔ የሴቷ ቃል አይበቃም ተባልኩ። ተናደድኩ፣ ግን ወጉን አንተም ታውቀዋለህ። ደውዬ ስነግርህ ሥራ አለብኝ አልክ። ኮምቦልቻ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም።

አሁን ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። የታሂር ልጅ ዘኪያ የኔ ተማሪ ናት። እኔን ላለማየት ብላ ትምህርቷን ልታቆም ስትል ሰው ልኬ ያስመለስኳት እኔው ነኝ። ከኋላ ትቀመጣለች፤ ቀና ብላ አታየኝም። ሰሞኑን የምናነበው ምንባብ ውስጥ «ካለስ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ገጠመን። እሸቴ የሚባል ቀልደኛ አለን፤ ጨካኝ ማለት ነው ብሎ ሊቀመጥ ሲል ቆይ አልኩት። ጨካኝ ክፉውን ራሱ ይሠራል፤ ይሄኛው ምንም ላያደርግ ይችላል። የሰው ሥቃይ ፊቱ እያለ አይሰማውም፣ አይቆረቁረውም። ለሰው ብቻም አይደለም የሚነገረው፤ ለአነጋገርም፣ ለመልስም፣ ለዝምታም ይሆናል አልኳቸው። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አልኩ። አንዷ ስለ እንጀራ እናት፣ አንዱ ስለ ፈተና አራሚ ሲሠሩ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ዘኪያ እጇን አወጣች። አባባ ከሞተ ወዲህ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ተነሥታ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ወዳማርኛ ስመልሰው ይህ ነው፦

«እኔ ካለስ ነኝ። የመምህሬ አባት የሞቱ ቀን ያለቀስኩት ላባቴ ብቻ ነው።»

አንድም ልጅ አልሳቀም። ልክ ነው፣ ተቀመጪ አልኳትና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ።

ሲወጡ አስቀረኋት። ቃሉን ያለ ቦታው ነው የተጠቀምሽበት አልኳት፤ እንዲህ የሚቆረቁረው ሰው ካለስ አይባልም። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ነው የልቧን የነገረችኝ። ደላላ አግኝታለች። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ልትሻገር ነው። እኔ ከሄድኩ ለቤቱ ይቀለዋል አለችኝ። ለምኜ ለምኜ ሐሙስን እንድትጠብቅ አደረግኋት፤ እርቁ ከቀረ ዓርብ ትወጣለች። በዚያ መንገድ ሄደው ድምፃቸው የጠፋውን የሮቢት ከተማ ልጆች አንተም ታውቃቸዋለህ።

ይህንንም ደውዬ ነገርኩህ። «ትሂድ» ብለህ ዘጋህብኝ።

ወንድምዓለም፣ እኔ አንተን አውቅሃለሁ። ፍየል ሲታረድ ጆሮህን ይዘህ የምትሸሽ ልጅ ነበርክ። ያችን መልስ ካንተ ጋር ላገናኛት አልቻልኩም። ያስተማርኩትን ቃል ላንተ ልስጠው ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ሐሙስ ከቀረህ ግን ምን ብዬ ልጥራህ? ጨንቆኛል። ልጅቷ በረሃ ከቀረች እኔ ከዚያ ሰሌዳ ፊት ተመልሼ አልቆምም።

ሽማግሌዎቹ አባባ በዚያ ፀሐይ፣ ያውም የክት ጋቢውን ለብሶ፣ አስፋልት ዳር ምን ሊሠራ እንደቆመ ጠየቁኝ። ሚኒባስ ይጠብቅ ነበር አልኳቸው። ከኮምቦልቻ የሚመጣውን እንደነበር፣ ማን እየመጣሁ ነው ብሎት እንደነበር አልተናገርኩም። ለታሂርም አልነገርኩትም። ና ብቻ፤ ማንም አይጠይቅህም።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልጆችህን ለወግ ያብቃልህ፤ ልብህን ያሳርፍልህ።

ሐሙስ ጠዋት እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆማ የምትጠብቅህ፣
እህትህ