ያልተጨፈረበት ዋንጫ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ከሁሉ በፊት እንዴት ሰነበትክ? ሉላ እንደነገረችኝ ከለቅሶው ወዲህ እህል በወጉ አትቀምስም አሉ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ነው፤ ታምሜያለሁ ብልህም ውሸት ነው። እንዲሁ አለሁ።

ስልኬን አታነሳም፣ ቴሌግራሙንም ዘጋህብኝ። ባለፈው ሳምንት አያት ድረስ መጥቼ ከብሎካችሁ ስር ቆሜ ነበር። መጋረጃውን ስትስበው አየሁና ተመለስኩ። ምን ላድርግ፣ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መጣሁብህ። እህትህ ሉላ እጅህ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለእማ እንቁ አርባ ደጃችሁን እንዳልረግጥ ማለትህንም ነግራኛለች። እናቴ መሞቷን እያወቀ ዋንጫዬን የነጠቀኝ ሰው ተዝካሯን አይበላም አልክ አሉ። እሺ፣ ተናገርክ። አሁን እኔን ስማኝ፤ ከዚያ በሩን ትዘጋው እንደሆነ ትዘጋዋለህ።

የዚያን እሁድ ጠዋት አንተ ከቡድንህ ጋር ሆቴል ነበርክ። አሰልጣኛችሁ ስልካችሁን ሰብስቦ ይዞባችኋል። እማ እንቁ ሊነጋጋ ሲል ግፊቷ ተነስቶ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ሉላ መጀመሪያ የደወለችው ለጋሽ ተካልኝ፣ ለእድራችን ሊቀመንበር ነው። ኮንዶሚኒየም ወጥቶላችሁ አያት ብትገቡም እማ እንቁ የላምበረትን እድር አልለቅም ብላ እንደቀረች ታውቃለህ። ስለዚህ አያት ሳይሰማ ላምበረት ሰማ። አጎትህ፣ ልጁ ይጫወት፣ ቀብሩ ለነገ ነው፣ ከጨዋታው በኋላ ዘመድ ከቦት መርዶው ይነገረው አሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም። እኔም ብጠየቅ ያንኑ እል ነበር።

እኔን ግን ማን አረዳኝ? መልበሻ ክፍል ጫማዬን እያሰርኩ ጋሽ ተካልኝ ገቡና ልጆች፣ የእንቁ ልጅ የእናቱን ሞት ገና አልሰማም፣ ከአፋችሁ እንዳይወጣ፣ በተለይ አንተ ፊትህን ጠብቅ አሉኝ። አለቀ። መሞቷን የሰማሁት እንዲህ ነው፣ እንደ ማስጠንቀቂያ። እናቴ አረብ አገር ስትሄድ ካንተ ጋር ባንድ ትሪ ያበላችኝን ሴት ሞት ማለት ነው። ማንም ትከሻዬን አልያዘኝም። አንዱ ጓንቴን አቀበለኝ፣ አጠለቅኩት።

ሁለቱ የየሰፈራችን ክለቦች ለከተማው ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ልንገርህ አልልም። ከመገናኛ ጀምሮ ታክሲው ሁሉ ግማሹ የእናንተን ሰማያዊ፣ ግማሹ የእኛን ቀይ ለብሶ ነበር የመጣው። እኔን ግን ከኳሷ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ዘፈን ነው። ወደ አያት ከተሻገርክ ወዲህ ኳስ ባበላሸህ ቁጥር ደጋፊያችን እማዬ ጠራችህ፣ ግባ ቤት እያለ ይዘፍንብሃል። እማ እንቁ ራሷ አንድ ቀን ሰምታ፣ ልክ ናቸው፣ እራቱ ቀዝቅዞበታል ብላ ስቃለች። ጋሽ ተካልኝ ለአብዲሳ፣ ለጭፈራ መሪያችን፣ ዛሬ እንዳይዘፈን ነግረውታል። ግን የዚያን ሁሉ ሰው አፍ ማን ይዘጋል?

ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ያለቀላትን ኳስ ወደ ሰማይ ሰደድካት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሜዳው ዝም አለ። አንተም ወደ እኛ ደጋፊ ዞረህ ክንድህን ዘረጋህና፣ ዛሬ ምን ነካችሁ፣ አትዘፍኑም ወይ ብለህ ሳቅክባቸው። ከዕረፍት በኋላ ከኋላ ወንበር አንዱ ያልሰማ እማዬ ብሎ ጀመረ። አብዲሳ ከበሮውን ጥሎ ሮጠና በመዳፉ አፉን ያዘው። ሰምተህ እንደሆን ብዬ አየሁህ። ካልሲህን እየሳብክ ነበር።

በማዕዘን ምት አንድ አገባን። ልጆቻችን ተጨባበጡና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሊያልቅ ሲል ተከላካያችን ጠልፎህ ወደቅክ፣ ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ። ኳሷን ብብትህ ስር ይዘህ መጣህ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮህ እስኪደነቁር ነበር የሚጮሁብህ። ያን ቀን ሳል እንኳ አይሰማም። ካፒቴናችን ወንድወሰን በአጠገቤ ሲያልፍ ልብህ ያለህን አድርግ አለኝ፣ ዞሮም አላየኝም። አንተ ደግሞ ኳሷን እያስቀመጥክ፣ ይቺን አትነካትም ወንድሜ አልከኝ። እንዴት እንደጠላሁህ ብታውቅ፣ እንዲያ ደስ ብሎህ በመቆምህ። መታሃት፣ ወደ ግራዬ ዘለልኩ፣ ኳሷ እጄን መትታ ወጣች። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ።

ላምበረት ከተመሠረተ ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ማንም አልዘለለም። ወንድወሰን ባለበት ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። ደጋፊው ቆሞ ያይሃል። አንተ ተንበርክከህ ነበር፤ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየኸው እኛን ነው፣ አሸንፈን የማንጨፍረውን። ከዚያ እኔን አየኸኝ። ምንድን ነው አልከኝ። ጓንቴን አወለቅኩ። እማዬ ናት አይደል አልክ። አጎትህና ጋሽ ተካልኝ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ገና የሜዳውን መስመር እየተሻገሩ ነበር። መርዶህን የሰማኸው ከእኔ ፊት ነው። ይቅር በለኝ፣ ፊቴን መጠበቅ አልቻልኩም።

ዋንጫውን ማን እንደተቀበለ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። እኛ ቡድኑ በሙሉ በማሊያችን ድንኳን ገባን።

አሁን ላምበረት ጀግና ይለኛል፤ ሻይ እንኳ አያስከፍሉኝም። አያት ደግሞ አረመኔ ይለኛል፤ እናቱ መሞቷን እያወቀ ምን አለበት ቢያሳልፍለት ይላሉ። ለሁለቱም አልመለስኩም። ላንተ ብቻ አንድ ነገር ልጽፍልህ፤ ይህን ላምበረት ቢሰማ ሰፈሩን ለቅቄ ነው የምሄደው፣ ስለዚህ አንብበህ ቅደደው።

አውቶብስ ተራው ጀርባ በድንጋይ ጎል ስንጫወት ጀምሮ ሪጎሬ ወደ ግራዬ መትተህ አታውቅም። ሁልጊዜ ወደ ቀኜ ነው። አምናም ወደ ቀኜ መትተህ ይዤብሃለሁ፤ በዚያ ተናድደህ ጎን ትቀይራለህ ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም። ስትንደረደር፣ ወደ ቀኜ እንደምትመታ እንደ ስሜ አውቅ ነበር። ከጨዋታው በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ኳሷ በግራህ እንደምትመጣ በምን አወቅክ አለኝ፤ እግሩን አይቼ ነው አልኩት። አንተ ግን የእኔን ነገር ከጋዜጠኛ አትሰማም። ኳሷ በቀኜ እንደምትመጣ እርግጠኛ ሆኜ ሳለ ለምን በግራ እንደወደቅኩ አንተው ራስህን ጠይቅ።

ለአርባዋ እመጣለሁ። ካላስገባኸኝ ደጅ ከሚቀመጡት ጋር እቀመጣለሁ፣ እሱን አትከለክለኝም። አንተ ግትር፣ እህል ብላ። ሉላንም አታስጨንቃት።

አምላክ ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አንተን ያጽናህ፣ ቤታችሁን ከሐዘን ያውጣው። እኔን እስከ ዛሬ እግዜር ያጽናህ ያለኝ ሰው የለም፤ ካንተ አፍ ብሰማው እወዳለሁ።

ወንድምህ