ለውሻው ዋሽንት፣ ለእናትየዋ ዝምታ

ልጄ፣ ፈጣሪ ጤናህን ያብዛልህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሏል።

ሙዚቃ የሠራህለትን ፊልም ትናንት ከእህትህ ጋር በቴሌቪዥን አየነው። ምን በድዬህ ነው? ውሻው ሲሞት ዋሽንቱን ስታስለቅሰው ቆየህ። እናትየዋ አልጋዋ ላይ ስትሞት ግን አንዲት የክራር ክር እንኳ አልነካህም። አብራን ስታይ የነበረችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሏት ድምፁን ጨመረችው።

እህትህ፣ «እማዬ፣ የተሸለመው እኮ ለዚያ ዝምታ ነው» አለችኝ። ዝም ማለትማ ጣራ ጠጋኛችንም ያውቅበታል፤ ቆርቆሮውን ነቅሎ ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው፤ እሱንም ይሸልሙት።

እኔ ስሞት እንዲህ እንዳታደርገኝ፤ ያለህን የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ አስጩህልኝ። በቁሜ ሳለሁ ግን እሁድ እሁድ ብትደውልልኝ ይበቃኛል። ልጆችህን ሳምልኝ። ፈጣሪ እጅህን ለእናቶችም ይፍታልህ።