በክንዴ ያለችው ንብ

ጸሎተ ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰ.

ደብተሬ ሆይ፣ አድምጪ። የጎረቤታችን የፋጡማ ፍየል ግራ ካልሲዬን ከገመድ ላይ አውርዳ መብላቷ ለመላው የሰፈራችን የካርቲየ 2 ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል። ቀኙ ተርፏል። ፍየልሽ በሰሙነ ሕማማት በጠዋቱ ትበላለች ወይ ብዬ ፋጡማን ተቆጣኋት። ሳቀችብኝ።

ንቧ ደህና ናት። ግራ ክንዴን ማለቴ ነው። ለኩላሊት እጥበቱ ብለው ደም ቅዳዬን ከደም መልሴ ካገናኙት ሦስት ዓመት። ከቆዳዬ ሥር ዝዝ ትላለች። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳምጣታለሁ። ነርሷ ሳህራ ትናንትም አስጠነቀቀችኝ፤ ውሃ መጠጣት ፈጽሞ አትተው፣ በዚህ ክንድ አትደገፍ፣ ደሙ ይረጋል። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

ስቅለት፣ ማታ 1 ሰ.

ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር ያልበዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመስኩም። ስግደቱ ላይ ከጎኔ የነበረው ተክሉ ነው፣ የባቡሩ ዘመን ጓደኛዬ። ጉልበትህ እንደ ዛገ ፉርጎ ይንቋቋል አልኩት። ያንተማ ጣቢያ ገብቶ ቆሟል አለኝ። መጨረሻ ላይ ቄሱ በወይራ ቅጠል እየነኩ ለእያንዳንዱ የስግደት ቁጥር ሲሰጡ፣ ለእኔ አርባ አንድ። የካህን ትእዛዝ ነው፣ ሰገድኩ። በወደቅኩ ቁጥር ክብደቴ በሁለቱ እጆቼ ላይ። ግራው አብጧል። ትንሽ። ለልጄ ለሙሉ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ጠዋት ክንዴን አስጠጋሁ፤ ምንም። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ በሌላኛው ሞከርኩ። ሆስፒታል ስደርስ ሳህራ በማዳመጫዋ ፈለገች፣ ፈለገች፣ ከዚያ እጄን ያዘችና «ፓፓ» አለች። ደሙ ረግቷል። ለዛሬው እጥበት አንገቴ ላይ ቱቦ አስገቡ። ሐኪሙ ነገ ከፍቶ የረጋውን ለማውጣት ይሞክራል። ካልሆነ ይህ ክንድ አበቃለት። የቀኙ ሥሮች ቀጫጭን ናቸው፣ አይሆኑም። የሚቀረኝ የአንገቱ ቱቦ፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ኢንፌክሽን ያመጣል። ብዙ የቱቦ ጎረቤቶች ነበሩኝ። አሁን አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ነው።

ሙሉ ምን አደረግክ አለችኝ። ቄሱ አርባ አንድ አዘዙኝ አልኳት። አለቀሰች። የታመመ ሽማግሌ እንዴት እንዲህ ይደረጋል ብላ ልታናግራቸው ነጠላዋን አነሳች። ነገ ይደርሳል አልኳት።

ፋሲካ፣ ጠዋት 2 ሰ.

ሰው ሁሉ ጾም ፈታ፤ እኔ ለቀዶ ሕክምናው ገና ጾመኛ ነኝ። ተክሉ ደውሎ ድርሻህን በልቼልሃለሁ አለኝ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ወረቀቱን ፈርሜያለሁ። እፈራለሁ። ይህን ላንቺ ብቻ።

ሙሉ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ እንደገባሁ ወደ ቄሱ ልትሄድ ነው። ባልነቃ ሰውዬውን ዕድሜ ልኳን ትረግማለች። ስለዚህ ጠርቼ ልነግራት ነው፣ ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚወስደኝ አልጋ ሳይመጣ። አስቀድሜ ላንቺ፣ ደብተሬ፦ ቄሱ አርባ አንድ አላሉም። ትከሻዬን ነክተው፣ አባቴ፣ እርስዎ ተቀምጠው ይጸልዩ ነው ያሉኝ። ተክሉ አርባ ሰግዶ ነበር፤ በአንዷ በለጥኩት።