ጎንበስ ብዬ ያላየሁት መኪና

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

በረዶው ቀለጠ። ከሥሩ የወጣው ሁሉ ያስጠላል። ጠጠር፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የውሻ አር... ክረምቱን ሙሉ ተሸፍኖ ከርሞ።

ዳቦና ምስር ገዛሁ። አስመላሽ ደወለ። "ደበላ፣ የተከራየሁትን ጋራዥ ቁልፍ ሰጡኝ። ነገ መኪናዋን እንጀምር?" ጃ አልኩት፣ በዚህ አገር አፍ እሺ።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

አስመላሽ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ብቻዬን ገባሁ።

አስመላሽ ጥር ላይ የገዛት ቀይ ሙስታንግ ናት። በፈረንጅ የስልሳ ስምንት ሥሪት። ልጅ ሆኖ አስመራ ላይ የቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካኖች ሲነዱ አይቶ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣለትም። ሐምሌ ላይ ልጁን ሳሊናን ይድራል። በዚች መኪና ሊሸኛት። እዚህ አገር ኤልግ የሚሉት ግዙፍ አጋዘን ገብቶባት አፍንጫዋ ተጨፍልቋል። ሳይገዛ ያሳየው ለእኔ ነው። ኮፈኑን ዳበስኩ። በሮቹን ከፍቼ ዘጋሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በጎኗ አየሁ፣ ቀጥ ያለች። "ግዛ። የአንድ ወር ሥራ ናት" አልኩት። ሠላሳ ዓመት ላሜራ የቀጠቀጥኩ ሰው... ማን ይጠይቀኛል?

ዛሬ በክሪክ አነሳኋት። ከበሩ ሥር በካቻቪቴ ነካ አደረግኩ። እስከ እጀታው ገባ! ስቱኮው እንደ ደረቅ ጭቃ ረገፈ። ውስጡ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ጋዜጣ። የተጠቀጠቀ ጋዜጣ፣ በላዩ ስቱኮ፣ በላዩ ቀለም። ወለሉም እንደዚያው። ሽታው... ቱፍ!

ለአስመላሽ አልደወልኩም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

እዚህ አገር በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ እንደ ወጥ ጨው ይነሰንሳሉ። ጨው መኪናን የሚበላው ከሥር ነው። አዲስ አበባ ግን መኪና ከላይ ይጋጫል እንጂ መች ከሥር ይበሰብሳል? ሃያ ዓመት ኖሬ ዓይኔ አሁንም የተክለሃይማኖት ጋራዥ ዓይን ነው።

ስቱኮ ባለበት ማን ያውቃል? ደላላ "ደበላ፣ አልብስልኝ" ሲለኝ ስንቱን አልብሻለሁ። እዚህም አለብሳለሁ። ለአንድ ቀን ሠርግ...

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ሳሊና ጋራዥ መጣች። ቀድሜ መኪናዋ ላይ ሸራ ጣል አደረግኩ።

"አባባ ደበላ፣ እንዴት ናት? ፊን፣ ቆንጆ ናት?"

"ጃ።"

"ከኋላ ለመቀመጥ ይመቻል? ቀሚሴ ረጅም ነው እኮ።"

ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ይመቻል አልኩ። ካቻቪቴ የሚበሳው ወለል ላይ ላስቀምጣት ነው። ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ራሴን ተጸየፍኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ስቱኮ ገዛሁ። አልከፈትኩትም። ሚስቴ ሮማነወርቅ በሕይወት ብትኖር እንዲህ ሆኜ እራት አታቀርብልኝም ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ሆሳዕና። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ዘንባባው እጃችን ላይ እንዳለ ነገርኩት።

"አስመላሽ፣ መኪናዋ በስብሳለች። ልበይድ ብል የሚይዝ ብረት የላትም። ስትገዛት ሥሯን አላየሁም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"እንዳላየህ። ጎንበስ አላልክም፤ ቆሜ ሳይህ ነበር።"

"ታዲያ ምላስ የለህም?"

"ጉልበትህን አሞህ መስሎኝ። ሻጩ ፊት ላሳፍርህ? ሮማነወርቅም በቅርብ ነበር ያረፈችው..."

ጉልበቴ ደህና ነው። ፈረንጅ ፊት በረዶ ላይ መንበርከክ አስጠልቶኝ ነው። እሱንም ነገርኩት። ዘንባባውን ጠምዝዞ ጠምዝዞ፣ በኋላ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሁለት ሽማግሌ! አንዱ ላለማፈር፣ አንዱ ላለማሳፈር ብሎ ሙሉ ቆሻሻ ገዛን።

"አንተ ምን ትላለህ፣ ትሠራለች?"

"አትሠራም። ትጣል።" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

የአሮጌ ብረት ጫኚው መጣ። ሲጎትታት ወለሉ ተቀዶ ጋዜጣው መንገድ ለመንገድ ተበተነ። አስመላሽ ፊቱን አዞረ። ጋዜጣውን እኔ ለቀምኩ፣ አንድ በአንድ፣ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ። ያልከፈትኩትን ስቱኮ ከነቆርቆሮው ጫንኩለት።

ለሳሊናም መንገሩ አልቀረልኝም፣ ነገርኳት። "ኔይ፣ ግድ የለም አባባ፣ በትሪክም እሄዳለሁ" አለች። በትሪክ! ሙሽራ ትራም ላይ፣ ሰካራም መሀል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ቫይትቬት የሚሉት ሰፈር ሌላ አሮጌ አሜሪካን መኪና አለ ተብሎ ሄድን። ቀለሟ የበሰበሰ ሙዝ። መቀመጫዋ ውሻ ውሻ ይሸታል። ሻጩ ወጣት ነው፣ እጁን ኪሱ ከቶ ማስቲካ ያላምጣል። ሰላምታ እንኳ አያውቅ።

ከቤት ካርቶን ይዤ ነበር። ኮፈኑን አልነካሁም። ካርቶኑን አስፋልቱ ላይ አነጠፍኩ፣ ኮቴን አወለቅኩ፣ በጀርባዬ ተኛሁና ገባሁ። ፈረንጁ ይየኝ።

በካቻቪቴ ነካሁ። ቃ! ሌላ ቦታ። ቃ! ብረት።

"ምን አየህ?" አለ አስመላሽ ከላይ።

"በእኔ ዓይን አትግዛ። ና፣ ራስህ እይ።"

"ሱፌ..."

"ና አልኩህ እኮ!"

እያቃሰተ ገባ። ካርቶኑ ላይ ጠጋ አልኩለት። ካቻቪቴውን ሰጠሁት፣ ደጋግሞ መታ። ቃ! ቃ! ከመኪናዋ ሥር የሚታየን የሻጩ ጫማ ብቻ ነው። ጫማውም ያስጠላል።